ፍንጭቷ ጎማ

በባሕር ዳሯ መንደር በዑዌና፣ ሰው የሱዌሊምን ፒክአፕ የሚለየው በታርጋዋ አይደለም፤ በጥርሷ ነው። የኋላ ቀኝ ጎማዋ ላይ አንዱ ጥርስ ከሥሩ ተገንጥሎ ወድቋል። ታዲያ በዚያ ነጭ የጨው ሜዳ ላይ ስትሄድ፣ ጎማዋ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር አንዲት ባዶ ቦታ ትታ ታልፋለች። ሱዌሊም ማለዳ ማለዳ ጠንካራውን መሬት እየመረጠ ቀድሞ ስለሚያልፍ ሰው ሁሉ ይከተለዋል፤ መንደሩ ዱካውን ራሱን "ፍንጭቱ" ብሎት ቀረ። ከሙስካት የመጣ እንግዳ "ወደ ባሕሩ በየት ነው የሚኬደው?" ብሎ ከጠየቀ መልሱ አንድ ነው፤ "ፍንጭቱን ይዘህ ሂድ። ከፍንጭቱ አንድ ክንድ ከወጣህ ግን እኛን አትውቀስ።"

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ሜዳው ሰብኻ ይባላል። ላዩ ኖራ መስሎ፣ ጠንክሮ፣ ሰውን ያታልላል፤ ከሥሩ ግን የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጥቁር ማጥ ነው። ባሕሩ ሲሞላ ውሃው በመሬቱ ሥር ሰርጎ ያለሰልሰዋል፤ ሲሸሽ ፀሐይዋ መልሳ ቅርፊት ታለብሰዋለች። ትናንት ግመል ያሳለፈ ቦታ ዛሬ ፍየል ይውጣል። "የኔ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ነው" ብሎ የሚፎክረው ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ እሱ እንደ ሌላው ሰው ዳር ላይ አይሰምጥም፣ መሐል ድረስ ገብቶ ነው የሚሰምጠው።

ሱዌሊም እንዲህ ያለውን ሲያወጣ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ያዙኝ ልቀቁኝ የለም፣ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ጠንካራው መሬት ላይ ያቆማል፤ ይወርዳል። ሰላምታ እንኳ አይሰጥም። እጁን ይዘረጋና "ቁልፉን" ይላል። ሕጉ ይህች ናት። የሰመጠ ሰው ቁልፉ በእጁ ካለ አያስችለውም፤ ሞተሩን አስነስቶ ነዳጅ ይረግጣል፣ ጎማው ባዶውን በዞረ ቁጥር መኪናዋ ሆዷ ጭቃ እስኪነካ ትቀበራለች። ስለዚህ ቁልፉ ሱዌሊም ኪስ ይገባል። ከዚያ ጎማዎቹን ያስተነፍሳል፣ ከፊታቸው ጭቃውን በእጁ ይዝቃል፣ የአሮጌ ፍሪጅ በር ማጡ ላይ አንጥፎ ክሪኩን በላዩ ያቆማል፣ መኪናዋ ከፍ ስትልለት ከጎማው ሥር ሳንቃ ይሰዳል። በመጨረሻ ገመዱን አስሮ በዝግታ ይጎትታል። ባለመኪናው ምክር ልስጥህ ካለው ቀና ብሎ ያየውና "አንተ የምታውቀው አገባቡን ነው፤ እዚያ ተቀመጥ" ይለዋል። በበረሃ ለገመድ ዋጋ አይጠየቅም። እሱም ጠይቆ አያውቅም።

ሰዉ ታዲያ "ለወንድሙ ነፍስ ብሎ ነው የሚለፋው፣ አላህ ይክፈለው" ይላል። ኧረ ምን ሲደረግ! ወንድሙስ እውነት ነው፤ ልፋቱ ግን ለጽድቅ አልነበረም። ሱዌሊም ከሰመጠ መኪና አጠገብ በቆመ ቁጥር፣ ከጎማው በፊት የሚያየው የሹፌሩን ፊት ነበር። የሚፈልገው አንድ ፊት ብቻ ነው፤ የዛሂርን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ዐሥራ አንድ ዓመት የሱዌሊም ታናሽ ወንድም በኺት ብቻውን ከባሕር ሲመለስ ሰመጠ። ክሪክ አቁሞ፣ ከሥር ገብቶ ሲዝቅ፣ ክሪኩ ተንሸራተተና መኪናዋ ጭኑ ላይ ተቀመጠች። አልሞተም። ግማሽ ቀን ሙሉ አልሞተም። የሞተው ባሕሩ ሲሞላ ነው። ሱዌሊም "ይኼ ልጅ ምነው ዘገየ" ብሎ ዱካውን ተከትሎ ሲደርስ ውሃው በኺትን ካለፈው ቆይቷል።

ሱዌሊም ግን ከወንድሙ በፊት ያየው ሌላ ነገር ነበር። ውሃው ገና ያልደረሰበት ከፍታ ላይ የሌላ መኪና ዱካ አለ። አዲስ ጎማ፣ ጥርሱ ምንም ያልተበላ። ዱካው ወደ በኺት ቀጥ ብሎ መጥቶ፣ ሃምሳ እርምጃ ሲቀረው ቆሟል። በሹፌሩ በኩል የነጠላ ጫማ ምልክት ወርዷል። ሦስት እርምጃ ወደፊት። ሦስት እርምጃ ወደኋላ። ከዚያ መኪናው ዞሮ ሄዷል። በዚያ ሰሞን በዑዌና አዲስ ጎማ ያለው መኪና አንድ ነበር፤ ዓሣ ጭኖ የሚመላለሰው የዛሂር።

ሱዌሊም አስከሬኑን ከመኪናው ሥር አውጥቶ፣ መንደር አድርሶ፣ ሽማግሌዎቹን ይዞ ሲመለስ ሜዳው ሁሉ ባሕር ሆኗል። ምን ያሳያቸው? ሼህ ሙሰለም፣ የመንደሩ ትልቅ ሽማግሌ፣ ዛሂርን ጠሩት። ዛሂር እጁን ቁርኣን ላይ አድርጎ "በዚያ በኩል አላለፍኩም፣ በኺትን አላየሁም" ብሎ ማለ። ምስክር የለም። ያለምስክር ሰውን በደም የከሰሰ ደግሞ ይክሳል። ሱዌሊም ፍየል አርዶ፣ በሕዝብ ፊት ጎንበስ ብሎ የዛሂርን ራስ ሳመ። የወንድሙ አፈር ሳይደርቅ! ዛሂር ሲሳም ዓይኑን ጨፈነና "ሐዘን ነው ያናገረው፤ ይቅር ብዬዋለሁ" አለ።

ይቅር ብዬዋለሁ! እናንተዬ፣ ያቺ ቃል ሱዌሊም ጉሮሮ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅራ ቀረች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። መንደሩም ከዚያ ወዲያ "ሐዘን አእምሮውን የነካው፣ ሰው ላይ የሚቀባ" እያለ በሹክሹክታ አማው። የወንድሙ መሞትስ የአላህ ነው፤ ሱዌሊምን የበላው ዋሾ ተብሎ መኖሩ ነው። የሚፈልገው የዛሂርን ደም አልነበረም። የሚፈልገው ያ ምላስ፣ በእነዚያው ሰዎች ፊት፣ የማለውን ቃል መልሶ ሲበላ መስማት ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ሸንጎው አልሰማም። በኺት መኪና ሥር ተጣብቆ ሳለ፣ ሰው እንዲያየው የሚስቱን የረያን አረንጓዴ ሻሽ አካፋ እጀታ ላይ አስሮ ያውለበልብ ነበር። ሱዌሊም ሻሹን ፈትቶ በብብቱ አምጥቶ ለረያ ሰጣት። የሴት ሻሽ በወንዶች ሸንጎ አይነሳም፤ እሷም ሣጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት፣ ሁለቱም ዳግመኛ አላነሱትም።

ረያ ከዚያ በኋላ አላገባችም። የባሏን አሮጌ ፒክአፕ አስጠግና፣ ፊቷን በቡርቃ ሸፍና፣ ከዓሣ አጥማጆቹ ዓሣ እየተረከበች ትኖራለች። መንገዷ ሁልጊዜ ፍንጭቱ ላይ ነው።

"አንተ፣ ምነው ይቺን ጎማ ብትቀይራት? የለማኝ መኪና አስመሰልካት እኮ" ትለዋለች።

"ፍንጭት ውበት ነው፣ እህቴ።"

"ለሴት ነው እንጂ ለጎማ!" ብላ ትስቃለች። ቀጥላ ደግሞ "ግድ የለም፣ ተዋት። በሷ ላይ ስነዳ ዓይኔን ብጨፍንም አልፈራም" ትላለች።

ሱዌሊምን የሚያንገበግበው ታዲያ ዛሂርም በዚያው በፍንጭቱ ላይ መንዳቱ ነው። ምን ያድርግ፣ ሌላ መንገድ የለም። በሐሰት የማለ ሰውዬ፣ ዋሾ ያስባለውን ሰው ዱካ ይዞ ዐሥራ አንድ ዓመት በሰላም ሄዶ በሰላም ይገባል። አንዴ እንኳ አልሰመጠም። ሱዌሊም ማለዳ ማለዳ ከዱካው ላይ የዛሂርን ዱካ ተደርቦ ሲያየው ደሙ ይፈላል። "በኔ ጀርባ ነው የሚሄደው" ይላል ለብቻው።

በዐሥራ አንደኛው ዓመት የመጣው አውሎ ነፋስ ሰብኻውን ገለባብጦት ሄደ። የግመሏ ጉሮሮ በሚባለው ዝቅታ፣ ድሮ ጠንካራ የነበረው መሬት ተቦርቡሮ አዲስ ማጥ ሞላበት፤ በወሩ ደግሞ ነጭ ቅርፊት ለበሰና ደህና መሬት መሰለ። ሱዌሊም በብረት ዘንጉ ወጋ አድርጎ ሞከረው። ቅርፊቱ የሦስት ጣት ውፍረት አለው። ከሥሩ ዘንጉ ሙሉ ገባና ታች አላገኘም። ዘንጉን አውጥቶ፣ ጭቃውን በሱሪው ጠርጎ፣ ሒሳቡን ሠራ። ባዶ መኪና፣ ጎማው ተስተንፍሶ፣ ቀስ ካለ ያልፍበታል። ዓሣና በረዶ የጫነ አያልፍም።

ሐሙስ ማታ ረያ ቤት ሄደ።

"ነገ አትውጪ" አላት።

"ዓርብ ማን ይወጣል? ለማንኛውም ግን ለምን?"

"ሙላቱ ትልቅ ነው።"

"ሙላት አሁን ነው ያየነው?" አለችና ፊቱን ፈለገች። እሱ ተነስቶ ሄዷል።

ዓርብ ጸሎት ስለሆነ ከዑዌና ማንም ወደ ባሕር አይወርድም፤ ከዛሂር በቀር። የዛሂር ዓሣ ገዢ ማቀዝቀዣ መኪናውን የሚልከው ዓርብ ከሰዓት ነው። ሱዌሊም ጎህ ሲቀድ ከፒክአፑ ላይ የውሃ በርሜሉን፣ ሳንቃውን፣ ትርፍ ጎማውን፣ የኋላ ክዳኑን ሳይቀር አወረደ። ጎማዎቹን አስተነፈሰ። ከዚያ ዳር ዳሩን የሚዞረውን የዘወትር መንገዱን ትቶ፣ በግመሏ ጉሮሮ ላይ በዝግታ ነዳ። ቅርፊቱ ከሥሩ ሲሰነጠቅ ይሰማዋል። አለፈ። ወርዶ ወደኋላ ዞሮ አየው፤ ፍንጭቱ በነጩ ላይ ጥርት ብሎ ተሰምሯል። በሌላ በኩል ዞሮ ተመለሰ፣ ዕቃውን መልሶ ጫነና ከጉሮሮው ማዶ ያለች ጉብታ ሥር ተደብቆ ተቀመጠ።

ዛሂር ጎማውን አስተንፍሶ፣ ባዶውን በዝግታ ሲሄድ ፍንጭቱን ይዞ አለፈ። መኪናው አዲስ ነበር፤ በየሦስት ዓመቱ ነው የሚቀይረው። ሱዌሊም ደረቅ ተምር እያላመጠ ጠበቀ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ተመለሰ፤ አሁን የኋላው ዝቅ ብሏል፣ ከበረዶው የሚወርደው ውሃ መንገዱን ያጥበዋል። ፍንጭቱን አልለቀቀም። ጉሮሮው መሐል ሲደርስ የመኪናው አፍንጫ አንዴ ቀና አለ፣ ከዚያ የኋላው እንዳለ ገባ። ዛሂርም የሰመጠ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ፤ ነዳጁን ረገጠ። ጭቃው ወደ ሰማይ ተበተነ። መኪናው እስከ በሩ ተቀበረ።

ሱዌሊም አልተጣደፈም። ጎማዎቹን አንድ በአንድ ነፋ። ከባሕሩ በኩል የሙላቱ ጠርዝ ቀጭን ሆኖ ማብረቅ ሲጀምር ሞተሩን አስነሳና ወረደ።

ዛሂር ጣሪያው ላይ ቆሞ በሁለት እጁ ያውለበልባል። "አልሐምዱሊላህ! ያ ሱዌሊም! አላህ ነው የላከህ!"

ሱዌሊም ሃምሳ እርምጃ ሲቀረው አቆመ። ወረደ። ሦስት እርምጃ ወደፊት ሄደ። ቆመ። ሦስት እርምጃ ወደኋላ ተመለሰና የመኪናው በር ደፍ ላይ ቁጭ አለ።

የዛሂር እጅ ቀስ እያለ ወረደ።

"ቁልፉን" አለ ሱዌሊም።

ዛሂር ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ወረወረው። መሐል ላይ ወደቀና ጭቃው ዋጠው።

"ግድ የለም" አለ ሱዌሊም፤ "ከእንግዲህ አያስፈልጋትም።"

"ገመዱን ወርውር እንጂ ሰውዬ! ውሃው አይታይህም?"

"ይታየኛል። ያኔ ለአንተም ይታይህ ነበር።"

"የምን ያኔ ነው? እሱ ነገር አልቋል! ሽማግሌ ፈርዷል፣ አንተም ራሴን ስመሃል!"

"ስሜሃለሁ" አለ ሱዌሊም። "ጨውነቱ እስከ ዛሬ ከንፈሬ ላይ አለ።"

ዛሂር ዱካውን አየ። ፍንጭቱ ከመኪናው አፍንጫ ፊት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ያኔ ገባው። "አንተ ነህ! ዱካህን ይዤ ነው የገባሁት! ሆን ብለህ ነው!"

"እኔ አልፌበታለሁ። እኔ ሰምጫለሁ?"

"ገዳይ!"

"ሁለታችንም እንዳንባል ቶሎ ብንነጋገር ይሻላል።"

ዛሂር አላመነም። ከጣሪያው ወርዶ በእግሩ ሊሻገር ሞከረ። በሁለተኛው እርምጃ እስከ ወገቡ ገባ። ጮኸ፤ በሩን ይዞ፣ እየተንፈራገጠ፣ አንድ ጫማውን ለማጡ ትቶ ተመልሶ ወጣ። ውሃው በዚህ መሐል ጎማዎቹን ሸፍኗል፤ ከጭነቱ አንዳንዱ ዓሣ ተንሳፍፎ መሄድ ጀምሯል። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። ሱዌሊም ደስ አለው። አልደብቃችሁም፣ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።

"ምን እንድልህ ነው የምትፈልገው?" አለ ዛሂር ድምፁ ተሰብሮ።

"ለኔ አይደለም የምትለው።"

ሱዌሊም የፒክአፑ ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ኔትወርኩ የሚገኘው እዚያ ላይ ነው። ረያ ጋ ደወለ።

"የት ነህ አንተ? ከጸሎት ጠፋህ ብለው..."

"ስሚኝ። ወደ ሼህ ሙሰለም ግቢ ሂጂ። ወንዶቹ ከጸሎት መልስ እዚያ ናቸው። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገሽ መሐላቸው አስቀምጪው።"

"ምን ተገኘ?"

"የበኺት ነገር።"

ሌላ አልጠየቀችም። ስትሮጥ ትንፋሿ ይሰማዋል። የወንዶች ድምፅ መጣ፣ "ምንድን ነው?" "ሴትዮዋ ምን ሆነች?" የሚል። ከዚያ ስልኩ መሬት ላይ ሲቀመጥ ተሰማ።

"በል ተናገር" አለ ሱዌሊም ስልኩን ወደ ዛሂር ዘርግቶ።

"ከዚህ ይሰማል?"

"ጮኸህ ተናገር። ሃምሳ እርምጃ ነው። የበኺት ድምፅም ይሰማህ ነበር።"

ዛሂር ውሃውን አየ። ከዚያ ጮኸ። "አይቼዋለሁ! ሼህ ሙሰለም፣ በኺትን አይቼዋለሁ! ሃምሳ እርምጃ ሲቀረኝ መሬቱ ተሰነጠቀብኝና ፈራሁ! መኪናው አዲስ ነበር! ሰው እልካለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት፣ ገዢው ቆሞ ይጠብቀኛል፣ ዓሣው... ከዚያ መሸ! ከዚያ አፈርኩ! ቁርኣን ይዤ ዋሸሁ!"

ነፋሱ ወደ ሱዌሊም ስለነበር ቃሉ ሁሉ ደረሰ። በስልኩ ውስጥ ሹክሹክታ ተነሳ። በመጨረሻ የሼህ ሙሰለም የሸበተ ድምፅ ተሰማ፤ ከስልኩ የሚመጣውን ሱዌሊም እየጮኸ ለዛሂር ያደርስ ነበር።

"ዛሂር፣ አሁን የት ነው ያለኸው?"

"ማጥ ውስጥ! ሙላቱ እየመጣብኝ ነው!"

"እንግዲያው ይኼን ቃል አልቀበልም" አሉ ሼሁ። "ውሃ እየመጣበት ሰው ያልሆነውንም ነኝ ይላል። ሱዌሊም፣ ልጄ፣ በጭንቅ የተገኘ ቃል ምስክር አይሆንም።"

ዐሥራ አንድ ዓመት! ያ ሁሉ ጥበቃ፣ ያ ሁሉ ጭቃ፣ በአንድ ቃል ባሕር ሊገባ ነው።

"እኔ ልጠይቀው" አለች ረያ። በወንዶች መሐል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። "ዛሂር! ትሰማኛለህ? በኺት ምን ነበር የሚያውለበልበው?"

ዛሂር ጣሪያው ላይ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። ውሃው ኮፈኑ ላይ ወጥቷል።

"ሻሽ!" አለ። "አረንጓዴ ሻሽ! አካፋ ላይ ያሰረው! ዳሩ ቢጫ ነው!"

በስልኩ ውስጥ አንድ ሰው "ያ ረቢ" አለ።

"ሻሹ ሣጥኔ ውስጥ ነው፣ ሼህ" አለች ረያ። "ከኔና ከሱዌሊም በቀር ያየው ሰው የለም። አሁን ላምጣው?"

"አያስፈልግም" አሉ ሼሁ። "አያስፈልግም፣ ልጄ።" እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ሱዌሊም ዓይኑን በክንዱ ጠረገና ገመዱን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ረያ እንደገና ተናገረች።

"ዛሂር! ሃያ ዓመት የነዳህ ሰው እዚያ እንዴት ገባህ?"

"ፍንጭቱን ይዤ!"

"ሱዌሊም" አለች።

"አቤት።"

"ትናንት አትውጪ ያልከኝ ለዚህ ነው?"

ሱዌሊም ገመዱን አነሳ።

"አውጣው" አለችና ስልኩን ዘጋችው።

አወጣው። ሳንቃዎቹንና የፍሪጁን በር ማጡ ላይ ቀጣጥሎ በሆዱ ተሳበበት፣ ገመዱን ወረወረ፣ ዛሂር በብብቱ ሥር አሰረ፣ ፒክአፑ ቀስ ብላ ጎተተችው። እንደ ተያዘ ሻርክ በጭቃው ላይ ተጎትቶ ወጣ። አዲሱን መኪና ከኋላቸው ባሕሩ ዋጠው። መንደር እስኪደርሱ አንድ ቃል ብቻ ነው የተነጋገሩት።

"ልትገድለኝ ነበር" አለ ዛሂር።

"አልገደልኩህም። ልዩነታችን እሱ ነው" አለ ሱዌሊም።

በማግስቱ ሼህ ሙሰለም ግቢ መንደሩ በሙሉ ተሰበሰበ። ዛሂር ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ ቃሉን ደገመ፣ ፍየል አረደ፣ በአንድ ሌሊት ያረጀ መስሎ መጥቶ ጎንበስ ብሎ የሱዌሊምን ራስ ሳመ። ሱዌሊም ያን ጊዜ ዓይኑን ጨፈነ። "ፍርሃት ነው ያናገረው" አለ ቀስ ብሎ፣ ሁሉም እንዲሰማው፤ "ይቅር ብዬዋለሁ።" የቃሏን መነሻ ያላወቀ አልነበረም። አንዳንዱ አንገቱን ደፋ። ሲያሙት የኖሩት ተራ በተራ እየመጡ፣ እንደ አገሩ ሰላምታ፣ አፍንጫቸውን ከአፍንጫው አነካኩ። ሱዌሊም ከዚያ ፍየል ሥጋ ሁለት ጊዜ አስጨምሮ በላ። ረያ ግን አልመጣችም።

እሑድ ጠዋት ሱዌሊም እንደ ወትሮው ቀድሞ ወጥቶ፣ የዘወትሩን ደህና መንገድ ይዞ ባሕር ደርሶ ተመለሰ። ሰብኻው ዳር ሲደርስ አራት ፒክአፖች ሞተራቸውን አጥፍተው ተሰልፈዋል። ከፊታቸው ረያ ናት። ከመኪናዋ ወርዳ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በብረት ዘንግ መሬቱን እየወጋች ትሄዳለች። የምትወጋው ከፍንጭቱ ላይ ነው።

ሱዌሊም መኪናውን አቁሞ በእግሩ መጣ።

"ረያ፣ ምን መሆንሽ ነው? በዚሁ አሁን ሄጄ መጣሁ እኮ። ጭነትም ቢኖርሽ ያሳልፋል።"

"ይሆናል" አለች። ዘንጉን ወጋች፣ ነቀለች፣ ጫፉን አየች።

"የባልሽን ገዳይ አፉን ያስከፈትኩልሽ እኔ ነኝ!"

"አውቃለሁ። ዱዓ አድርጌልሃለሁ፤ እስክሞትም አደርግልሃለሁ።" ቀና ብላ ከቡርቃዋ ሥር አየችው። "እውነቱን ንገረኝ። ዓርብ እኔ ቃልህን ባልሰማና ብወጣ ኖሮስ? አንዱ የሙስካት እንግዳ ልጆቹን ጭኖ ቢመጣስ? እኛ እኮ 'ፍንጭቱን ይዘህ ሂድ' ነበር የምንለው።"

ሱዌሊም ይኼን አላሰበውም ነበር። ወላሂ፣ አንዴም አላሰበውም። ያሰበው አንድ ፊት ብቻ ነበር።

"ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው ይባላል" አለች ረያ። "እኔ ቂም የለኝም። ዓይኔን ጨፍኜ ግን ከእንግዲህ አልነዳም።"

ሄደች፤ እየወጋች፣ እየነቀለች፣ ጫፉን እያየች። ከኋላዋ ያሉት ሹፌሮች አንዳቸውም ሱዌሊምን ቀና ብለው አላዩትም፤ አንዱ መስኮቱን ከፍቶ ሰላም ሊለው አሰበና ተወው። ጠንካራው መሬት መጀመሩን ስታረጋግጥ ተመልሳ ገባች፣ ሞተሯን አስነሳች፣ ከፍንጭቱ አንድ ክንድ ወጣ ብላ የራሷን አዲስ ዱካ ጀመረች። አራቱም እሷን ይዘው ሄዱ።

ተጸጸተ ወይ ትሉ ይሆናል። አልተጸጸተም፤ ዛሂርን በዚያ ጣሪያ ላይ ደግሞ ቢያገኘው ያንኑ ያደርገዋል። ረያ ብትሰምጥ ግን ገመድ የሚወረውርላት ከእሱ በቀር ሰው አልነበረምና ወደ ባሕሩ ዞሮ መሄድ ነበረበት። ፒክአፑ ውስጥ ገባ፣ ሁለቱን ዱካዎች አየ፣ መሪውን አዞረና በረያ ዱካ ላይ ተከተላት።